ከላይ ጥቁር፣ ከታች ቀይ

ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት ቤት ሐረር ግንቡ ውስጥ፣ ከፈላና በር ብዙ ሳይርቅ ነበር። ባሌ የበሩ ዘበኛ ስለነበረ ለሥራው እንዲቀርበው ብሎ ነው የተከራየው። እኔ፣ ባሌና የባሌ እናት ሆነን ስንገባ የቀደመችው የቤቱ እመቤት ከሞተች ገና መንፈቅ አልሞላም። በሩን አልፈው ሲገቡ በቀይ አፈር የተለሰነ፣ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ አለ። በግድግዳው ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጉድጓዶች ተፈልፍለዋል፤ አንዳንዱ የእንጨት መዝጊያ አለው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የኋለኛው መደብ ይጨልማል።

የስፌት መኪናው የተቀመጠው እዚያ ጨለማው ላይ ነበር።

ያከራየን የሟቿ ባል ወንድም ነው፤ ባልየውም ከእሷ በፊት ሞቷል። ሰውዬው በዕድሜ የገፋ ስለሆነ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልለውም። ቤቱን አከራይቶን ሲያበቃ መኪናውን ለባሌ ሸጠለት፤ ባሌም ለእኔ ሰጠኝ። በእጅ የሚዞር ጥቁር መኪና ነው፤ ወርቃማው ሐረግ እጅ ብዙ በነካው ቦታ ደብዝዟል። ልነካው ስጠጋ መርፌው ወርዶ ጨርቅ ላይ እንደተተከለ አየሁ። ጨርቁ የአገሬው ሴቶች የሚለብሱት፣ በአንድ ፊቱ ጥቁር በሌላው ቀይ የሆነ፣ እየተገለበጠ የሚለበሰው ቀሚስ ነበር። አንዱ ጎኑ ተሰፍቷል፤ ሌላው ገና ከታች ጫፉ እንደተጀመረ ቆሟል።

«እሱን ቁረጭና ጣይው» አለኝ ሰውዬው።

«ለማን ነበር የምትሰፋው?»

«ለልጇ። ልጅቷ እኔ ዘንድ ናት፤ ኢንሻአላህ ረመዳን ሲፈታ እድራታለሁ።»

«ታዲያ ለልጅቷ አይሰጣትም?»

«ሞት ያቋረጠው ልብስ ለሙሽራ ገድ የለውም። ሌላ እገዛላታለሁ።»

«እሷስ ምን አለች?»

ልጅቷ አፍ እንዳላት የነገርኩት ይመስል ትክ ብሎ አየኝና ወጣ።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልጨርስ የተዳርኩ ሰው ነኝ፤ ብዙ አላውቅም። እናት ለልጇ የሰፋችው የልጇ እንደሆነ ግን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። መስፋት ተምሬ ቀሚሱን እጨርስና ከሰርጓ በፊት በእጇ አስይዛታለሁ፤ እስከዚያ ለራሴ አንድ መቀነት አልሰፋም አልኩ። የባሌ እናት ይህን ሲሰሙ አማተቡ።

«አንቺ ልጅ፣ የሞተች ሰው ሥራ ውስጥ እጅሽን አታስገቢ። እጅሽን ይዛ ታስቀርሻለች።»

«እማማ፣ ከያዘችኝማ ስፌቱን ታስተምረኛለች።»

«ሳቂ፣ ሳቂ። አፍሽ ነው አንድ ቀን የሚያስበላሽ» አሉና የጠበል ጠርሙሳቸውን አምጥተው መኪናው ላይ ረጩ። በማግስቱ መርፌው ዝጎ አገኘሁት።

ባሌ ልብስ ሰፊዎች ከሚቀመጡበት መንገድ አንድ ሰፊ ለመነልኝ። ሰፊው መጥቶ ዝገቱን በላምባ ጠረገ፤ ዘይት የሚጠጡትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አሳየኝ። የወጥ ዘይት አድርጌበት ስለነበር መዘውሩ ሙጫ እንደነካው ነበር የሚዞረው። ቀሚሱን ቀስ አድርጎ ከመርፌው አላቀቀ፤ እኔም አጥፌ መሶብ ውስጥ አስቀመጥኩት። መርፌውን ለወጠ፤ ጎድጓዳ መስመሩ በየት በኩል መዞር እንዳለበት አሳየኝ። ከዚያ በታች ያለችውን ሽፋን ስቦ፣ የታችኛው ክር የሚጠቀለልባትን ጣት የማታህል ብረት አወጣ።

«ከላይ የምታይው ክር ግማሹ ነው» አለኝ። «የሚይዘው የማይታየው ነው። ይህቺ ብረት ትንሽ ክር ነው የምትይዝ፤ ቶሎ ቶሎ ታልቅብሻለች። መኪናው እየሄደ የማይሰፋ ከሆነ መጀመሪያ እሷን እያት።»

ከላይም ከታችም ነጭ ክር አድርጌ አቡጀዲ ላይ መለማመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ስፌቴ የሰካራም መንገድ ነበር። መዘውሩን በቀኝ እያዞርኩ ጨርቁን በግራ መምራት አልሆንልሽ አለኝ። እየዋለ እያደረ እጄ ገራ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ቀሚሱ ከመሶቡ ወጥቶ መኪናው ላይ ነበር። መርፌው ወርዶ ተተክሎበታል፤ ልክ መጀመሪያ እንዳገኘሁት።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት ያወጡት?»

«እኔ? ስሙን አትጥሪብኝ! ቤተ ክርስቲያን ነው የዋልኩት።»

ባሌ ፈላና በር ዘብ ላይ ነበር። የቤቱን በር እኔው ነኝ ዘግቼ የሄድኩት። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከላይ የተሰካው ክር ጥቁር ሆኗል። የጎኑ ስፌት አንድ ስንዝር ያህል ረዝሟል። ጨርቁን ገለበጥኩት፤ በቀዩ ፊት ያለው ክር ቀይ ነው። እንዲህ ያለ ቀሚስ ከላይ ጥቁር ከታች ቀይ ክር ተደርጎ ካልተሰፋ፣ ሲገለበጥ ስፌቱ እንደ ጠባሳ ይታያል። እኔ ይህን ያወቅሁት ያኔ ነው። የሰፋው ግን ቀድሞ ያውቃል።

ለባሌ ብነግረው «አይጥ ይሆናል» አለ።

«መርፌ የምትሰካ አይጥ?»

«የሐረር አይጥ ሙያ ያውቃል» ብሎ ሳቀ። ሲተኛ ግን ፊቱን ወደ መኪናው አላዞረም።

ቀሚሱን መልሼ መሶብ ከተትኩ፤ ላዩ ላይ ወፍጮ መጅ ጫንኩበት። ከቤት በወጣሁ ቁጥር መጁ ወርዶ፣ ቀሚሱ መኪናው ላይ ሆኖ፣ ስፌቱ ትንሽ ወደ ብብቱ ጠግቶ አገኛለሁ። ከቤት የዋልኩ ቀን ምንም የለም። የሚያስፈራኝ ስፌቱ አልነበረም፤ ማማሩ ነበር። ቀጥ ያለ፣ እርጋታ ያለው፣ እኔ አንድ ዓመት ብለማመድ የማላመጣው ስፌት ነው። የድሮውና የአዲሱ መለያው የት እንደሆነ በጥፍሬ ዳበስኩ፤ አጣሁት።

አማቴ ደግሞ ሌላ ነገር አዩ። የጠበላቸውን ጠርሙስ የሚያስቀምጡት መዝጊያ ካላቸው የግድግዳ ጉድጓዶች በአንዱ፣ ከታች ባለው ሰፊው ውስጥ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠርሙሱ ወጥቶ መደቡ ላይ፣ ከአንድ ጥግ ቆሞ ያገኙታል። አልፈሰሰም፤ አልተሰበረም። በክብር ነው የተቀመጠው።

«ጠበል የሚያወጣ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ነገ መኪናው ከዚህ ቤት ይወጣል፤ ቀሚሱም ይቃጠላል። ልጄን ነግሬዋለሁ።»

ረመዳን ሊያልቅ ቀርቧል። ቀሚሱ የቀረው እጅጌውና አንገቱ ነበር። ቢቃጠል ልጅቷ ከእናቷ የሚቀራት ምንም የለም፤ ይህን ሳስብ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ። በማግስቱ ከአማቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ ሆኜ ነጠላዬን ለበስኩ፤ እሳቸውን መንገድ ላይ ጥዬ ተመለስኩ። የግቢውን በር ቀስ ብዬ ከፍቼ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆምኩ።

መኪናው እየሠራ ነበር።

እኔ ሳዞረው የሚሮጥ ድምፅ ነው ያለው። ይህ ግን ትንሽ ይሄዳል፣ ዝም ይላል፣ ጨርቅ ሲዞር ይሰማል፣ እንደገና ይሄዳል። እያሰበ የሚሰፋ ሰው ድምፅ ነው። ገባሁ። በኋለኛው መደብ ጨለማ ውስጥ፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ከመዘውሩ ጋር ይነቃነቃል።

«በስመ አብ!» አልኩ።

«ቢስሚላሂ!» አለች እሷም፤ ዘላ ተነሳች።

ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ የማያንስ ልጅ ናት። የለበሰችው የእናቷን አሮጌ ቀሚስ ነው፤ ጥቁሩን ፊት ወደ ውጭ አውጥታዋለች። «ወላሂ ሌባ አይደለሁም» አለችኝ። «የእኔ ነው። አይ ነች የጀመረችው።» በቋንቋቸው እናታቸውን «አይ» ነው የሚሏት።

«በየት ገባሽ?»

በጣቷ አሳየችኝ። የአማቴ የጠበል ጉድጓድ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከኋላው የአከራያችን ቤት ብርሃን ይታያል። ለካስ ዕቃ ማስቀመጫ አልነበረም። በጎረቤት ያሉ ሴቶች ወደ መንገድ ሳይወጡ እርስ በርስ የሚጠራሩበት፣ ዕቃ የሚቀባበሉበት መስኮት ነው፤ ጎንበስ ላለ ሰው ያሳልፋል። ከወዲህ አንድ መዝጊያ፣ ከወዲያ አንድ መዝጊያ አለው። እኛ መጤዎቹ የጎረቤትን መዝጊያ የሣጥናችን ጀርባ ነው ብለን ጠበል አስቀመጥንበት። የግቢውን ሰው ሁሉ ብንጠይቅ ይነግረን ነበር። ማን ይጠይቃል!

«ጠርሙሱን የማነሳው እንዳልሰብረው ነው» አለች። «የእናንተ የጸሎት ነገር መሰለኝ።»

«ለምን በደጅ አንኳኩተሽ አትገቢም?»

«አጎቴ ከልክሎኛል። ቀሚሱን ቆርጠው ጥለውታል ብሎኝ ነበር። የመኪናውን ድምፅ በግድግዳው ሰማሁና አንድ ቀን አጮልቄ አየሁት።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፍርሃቴ ሲወጣ ሳቅ መጣብኝ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ቀዩን ክር ከየት አገኘሽው?»

«የቱን?»

«የታችኛውን። እኔ ነጭ ነው የጠቀለልኩት።»

ልጅቷ ሳቋን አቆመች። «እኔ ጥቁሩን ብቻ ነው ይዤ የመጣሁት። ቀይ ክር የለኝም። ታችኛውን ነክቼው አላውቅም፤ መጀመሪያ ቀን ስመጣም ቀሚሱ መርፌው ሥር ነበር። አንቺ አይደለሽም እንዴ ያዘጋጀሽልኝ? እህቴ፣ እኔ እኮ ማታ ማታ ዱዓ የማደርግልሽ ለዚያ ነው።»

የታችኛዋን ሽፋን ስቤ ብረቷን አወጣሁ። ቀይ ክር ነበረባት፤ ሙሉ አይደለም፣ ባዶም አይደለም። አንድ ጎን ሙሉ የተሰፋበት ክር እዚያች ውስጥ አይገባም። ሰፊው ቶሎ ቶሎ ታልቅብሻለች ያለኝ ብረት ናት። መልሼ አስገባኋት። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ፤ ለምን እንደጠረግሁ አላውቅም።

«ስፊ» አልኳት። «እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ።»

ለካ ጩኸታችን ወዲያ ማዶ ተሰምቷል፤ ሰውዬው ከዘራውን ይዞ በደጃችን ደረሰ። እኔ ደፉ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

«ልጄን አውጪልኝ።»

«ልብሷን እየሰፋች ነው።»

«መኪናውም ቤቱም የማን እንደሆነ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ቤቱን አከራይተውናል፤ እስከምንለቅ የኛ ነው። መኪናውን የሸጡልን ግን የማን ነበር? የእናቷ። እናት ስትሞት ለልጅ ምን ያህል ይደርሳል ይላል የእናንተ ሕግ? እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አላውቅም። ቃዲው ያውቃሉ፤ ሄደን እንጠይቃቸው።»

«ምላስሽ ረዘመ።»

«ረዝሟል። ይኸው እስከ ቃዲው ደጅ ይደርሳል።»

አማቴ ይህን ጊዜ ደረሱ። ያስወጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ነገሩ ሲገባቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኔ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። «የሙት ልጅ ነው የሚያስለቅሱት?» አሉት። «በጾም? እኔ እንኳ ጾማችሁን አከብራለሁ!» የግቢው ሴቶች በየደጃቸው ወጥተው ያዩ ጀመር። ሰውዬው ብዙ ሰው ፊት ብዙ መናገር የሚወድ ስላልነበረ ተመልሶ ሄደ። ኋላ ሽማግሌዎች ገብተው ዋጋውን ለባሌ እንዲመልስ፣ መኪናው የልጅቷ እንዲሆን ፈረዱ። ባሌ አኮረፈኝ፤ ለእኔ የገዛውን ራሴው አስወሰድኩበት። እኔ ግን አልጸጸተኝም፤ ዛሬም አይጸጽተኝም።

እስከ ረመዳን መጨረሻ በመስኮቱ እየገባች ሰፋች፤ እኔም አብሬያት ተቀምጬ ተማርኩ። እጅጌው አለቀ። ታችኛዋን ብረት ሁለታችንም አልነካናትም። ለመንካት ሐሳብ ያቀረበም የለም። አማቴ እንኳ ጠበላቸውን ወደ ሌላ ጉድጓድ አዛወሩና በዚያ በኩል ማየት ተዉ። በዒድ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የአንገቱን ዙር ስትጨርስ መዘውሩ በድንገት ቀለለ፤ መርፌው እየወጣ እየገባ መያዝ ተወ። ጨርቁን አነሳች። ስፌቱ ልክ ጫፉ ላይ አልቋል። ብረቷን አወጣሁ፤ አንዲት የቀይ ክር ቁራጭ የለባትም፤ ታጥባ እንደተወለወለች ታበራለች።

ልጅቷ ቀሚሱን ፊቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«አይ፣ አልቋል» አለች፤ ለእኔ አልነበረም።

የተዳረችው ወደ ኤረር በር በኩል ነው። ሲወስዷት ደጄ ላይ ቆሜ አየኋት፤ ቀዩን ፊት ወደ ውጭ አውጥታ ለብሳዋለች። መኪናውን ይዛ እንድትሄድ ብለምናት እንቢ አለች። «ከመደቡ አይነሳ። የእኔ ነው፤ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለችኝ። አጎቷ መስኮቱን በድንጋይ ሊደፍን ሲመጣ አላስደፈንኩትም። ልጆች በወለደች ቁጥር የሚሰፋውን ሁሉ ይዛ መጣች፤ አብረን ሰፋን። እሷም አርጅታ አረፈች።

ልጆቼንና የልጅ ልጆቼን በዚያ መኪና አለበስኩ። ዛሬም ለመስፋት ስቀመጥ ዓይኔ ፈዞ ክር መሰካት ያቅተኛል፤ የልጅ ልጄ ትሰካልኛለች። ከላይ ያለውን ለእሷ እተዋለሁ። የታችኛዋን ብረት ግን ማንም እንዲነካት አልፈቅድም። መጀመሪያ ሽፋኑን እስባለሁ፤ ወደ በሩ ብርሃን አዙሬ አያታለሁ። እስካሁን ነጭ አድርጌ ከተውኩት ነጭ፣ ጥቁር አድርጌ ከተውኩት ጥቁር ነው ያገኘሁት።

ሳላይ ግን ጀምሬ አላውቅም።