እትዬ ዘርፌ ሳይወጡ የጠገንነው ቤት

ዋና አናጢ ተብዬ በራሴ ስም የተቀጠርኩበት የመጀመሪያው ቀን በጭቅጭቅ ነው የተጀመረው። ከዚያ በፊት ጎንደር ላይ ለጌታዬ መጋዝ ስስል፣ የጎበጠ ሚስማር ሳቀና፣ ኋላም ረዳት ሆኜ በርና መስኮት ስገጥም ኖሬአለሁ። ዋና አናጢ መሆን ግን ሌላ ነው። ቤቱ ቢወድቅ የሚጠራው ያንተ ስም ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤቱ ያለው ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ፣ ከመኪናው መንገድ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ፣ አፋፉ ላይ በተቀመጠች መንደር ውስጥ ነበር። ባለቤቷ እትዬ ዘርፌ ይባላሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሄዷል። ዳባት ገበያ ላይ አስጠርተው «አናጢ ነህ አሉ፤ ይኸ ቤት ላዬ ላይ ሳይወድቅ ናልኝ» አሉኝ። እኔም ሁለት ሰው ይዤ ሄድኩ። አንዱ ይርጋ ነው፤ ምርጊት የሚመርግ፣ ምላሱ ከእጁ የሚፈጥን ሰው። ሁለተኛው ቢራራ፣ የጉልበት ሠራተኛ፣ ዝምተኛና ደግ፣ ሳይጠሩት የሚታዘዝ።

ቤቱ ክብ የሣር ቤት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ሆዱን ወደ ውጭ ነፍቷል። ምሰሶው ጥሩ ጥድ ነበር፤ እግሩን በመሮ ብወጋው ግን መሮው እስከ እጀታው ገባ። በስብሷል። ጣሪያው ሁሉ በዚያ እግር ላይ ነው የቆመው።

«እትዬ፣ ዕቃዎን ያውጡ» አልኳቸው። «ሣሩን እናወርዳለን፣ ግድግዳውን እናፈርሳለን፣ ምሰሶውን እንቀይራለን። እስከዚያ ሌላ ቤት ይቆዩ።»

«አልወጣም።»

«ጣሪያ በሌለው ቤት ሊቀመጡ ነው?»

«ጣሪያውን ማን አውርድ አለህ? ሳታወርድ ሥራው።»

«ኧረ በስመ አብ! እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የለም እኮ!»

«እንግዴህ ዛሬ ተጀመረ» ብለውኝ ሽሯቸውን ማማሰል ቀጠሉ።

ይርጋ ከኋላዬ ይስቃል። እኔ ደሜ ፈላ። በዚህ መሀል የሟች ባላቸው ወንድም አያ አዳነ መጣ። ቤቱ ከእትዬ ዘርፌ አጥር ቀጥሎ ነው። «ዘርፌ፣ ምነው? ይኸው ቤቴ አለ አይደል? ሚስቴም እንደ እህትሽ ናት፤ ኑሪ» አለ፤ ደግነቱ ከፊቱ ይነበባል። እሳቸው «እግዜር ይስጥልኝ አያ አዳነ፣ ደህና ነኝ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ በልቤ ለአያ አዳነ ፈረድኩ። ይህችን የመሰለች እልኸኛ አይቼም አላውቅ አልኩ።

ያን ቀን ግድግዳውን ከውጭ በባላ ደግፈን ብቻ ዋልን። በማግስቱ የምሳ ቆሎና ጠላ ሲያቀርቡልን አላስቻለኝም። «እትዬ፣ ይኸ ጭስ ዓይናችንን አጠፋው እኮ! የሰውየው ቤት ሰፊ ነው። ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

የጠላውን ማሰሮ አስቀምጠው ተቀመጡ። «የመሬት ሽግሽግ ሊመጣ ነው» አሉ። «የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ ጎጥ ለጎጥ እየዞረ ጭስ እየቆጠረ ነው። ለብቻው እሳት የሚያነድ ሁሉ ለብቻው መሬት ይሰፈርለታል። ከአዳነ ቤት ካገኙኝ ከእሱ ጋር ቆጥረውኝ ያልፋሉ፤ መሬቴ ከእሱ መሬት ይቀላቀላል። አዳነ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ልጆቹ በዝተውበታል፣ መሬቱ ጠቦታል። የኔ ልጅ ግን ከዘመቻው ሲመለስ የት ይግባ? ምን ይረስ?»

«ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ያውጡ፣ ያውጡ ነው ያልከኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራውን ሌላ መልክ ሰጠሁት። ቤቱን እንደ ሙልሙል ዳቦ ቆርሰን ያዝነው። አንዱን ወገን ስንሠራ እሳቸው በሌላው ወገን ይኖራሉ። የበሰበሰውን ቋሚ ነቅለን አዲስ ባሕር ዛፍ እንተክላለን፣ ማገሩን በልጥ እናስራለን፣ ያ ወገን ሲጸና አልጋና ጋን ተሸክመን ወደዚያ እናዞርና ቀጣዩን እንከፍታለን። ክፍቱን ቦታ ማታ በሰሌን እንጋርደዋለን። የዚያ አገር ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ ጧት ጧት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው።

ጭቃው የይርጋ ግዛት ነው። ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፈሩን ከገብስ ጭድ ጋር ለውሶ፣ ውኃ አጠጥቶ እንዲበስል ይተወዋል። ያልበሰለ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኔ ስቸኩል «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለኛል። እሱና ቢራራ በዚያ ውርጭ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃውን በእግር ሲረግጡ፣ ይርጋ «እትዬ፣ እግሬን ካጣሁ ልጅዎ ሲመጣ ያዝለኛል!» እያለ ይጮኻል። እሳቸውም «አንተ የምትሄደው በምላስህ አይደል?» ይሉታል። እየቆየ ደስ የሚል ቤት ሆነ።

አንዲት ዶሯቸው ደግሞ የመሣሪያ ከረጢቴን ወደደችው። እንቁላል ጥላበት ታቀፈች። ላነሣት ብል «ተው! ፈጥሮባት ነው፤ አትንካት» ተባልኩ። መሮና መዶሻዬን አውጥቼ ከረጢቱን ለዶሮ ለቀቅኩ። ዋና አናጢው እኔ ነኝ፤ የሚታዘዘው ማን እንደሆነ ግን ታያላችሁ።

በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ቀን ሥራ የለም። እንዲህ ባለው ቀን እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ይዞራሉ። ያልጣማቸውን ቦታ በጣታቸው ጫር ያደርጉታል። በማግስቱ ይርጋ ያንን ጭረት ፈልጎ ይደግመዋል፤ ያጉረመርማል፣ ግን ይደግመዋል።

ግድግዳው ዞሮ ሲያልቅ ምሰሶው ቀረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣሪያውን ዙሪያውን በወፋፍራም ባላ ትደግፋለህ። ከየባላው ሥር ሽብልቅ ትመታለህ፤ ሽብልቁ በገባ ቁጥር ጣሪያው ጥቂት ጥቂት ከፍ ይላል። ምሰሶው ሸክሙን ሲለቅ ከላይ ከጣሪያው ወራጆች ጋር ታስረውና የበሰበሰውን እግር ትቆርጣለህ። ከሥሩ ጥርብ ድንጋይ ታስቀምጥና ምሰሶውን መልሰህ ታሳርፍበታለህ። እግሩ ተቆርጦ ድንጋዩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ግን ቤቱ በባላ ብቻ ነው ያለው።

ምድጃው ከምሰሶው አጠገብ ስለሆነ «እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ እሳቱ ከቤት ይውጣ» አልኳቸው። አሰቡበትና «ከደጄ አይውጣ እንጂ ከግቢው ጥግ ይሁን» ብለው እንስራቸውን አዝለው ወደ ምንጭ ወረዱ።

እኛ ሽብልቅ ስንመታ ነፋስ ተነሣ። ቢራራ ከውጭ ያለው ፍም ብልጭታ ወደ ሣሩ ክዳን ሲወረውር አየ። የኛ አገር ሰው እሳት ሲያስቸግረው ምን ያደርጋል? ለጎረቤት አደራ ይሰጣል። ቢራራም የጭሱን ነገር ዘንግቶ፣ ፍሙን በገል ሰብስቦ፣ ሳይነግረኝ፣ አያ አዳነ ቤት ወስዶ ከምድጃቸው ጨመረው። የአዳነም ሚስት ደግ ሴት ናት፤ «ድስቱንም አምጣው፣ ምሳችሁን እኔ አበስላለሁ» አለችው።

እኔ ያን ጊዜ የምሰሶውን እግር ቆርጬ መጣሌ ነው። ምሰሶው በአየር ተንጠልጥሏል። ላቤን ልጠርግ ወደ ደጅ ብወጣ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርና አንድ ሽማግሌ የኮሚቴ አባል ግቢው መሀል ቆመዋል። እትዬ ዘርፌ እንስራቸውን እንዳዘሉ በግቢው በር ይገባሉ።

ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፤ ኮስታራ ለመምሰል የሚጥር። ጣሪያውን አየና «እዚህ ጭስ የለማ» አለ።

እትዬ ዘርፌ የግቢውን ጥግ አዩ። «እሳቴ የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አለ ቢራራ። «ነፋሱን ፈርቼ... አያ አዳነ ቤት አስቀመጥኩት። ድስቱም እዚያው ነው።» ይህን ሲል የአያ አዳነ ጭስ ከአጥሩ ማዶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እትዬ ዘርፌ እንስራውን ከጀርባቸው አወረዱ።

አያ አዳነ ድምፅ ሰምቶ መጥቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ እሱ ዞረ፦ «እንግዲያው አብራችሁ ናችሁ ማለት ነው?»

አያ አዳነ መሬት መሬት አየ። «እንግዴህ... ቤቷ እስኪጠገን...» አለና ዋጠው። ውሸት አልተናገረም፤ እውነቱንም አልጨረሰም። ያን ሰዓት መዶሻዬን ብወረውርበት ደስ ባለኝ።

እትዬ ዘርፌ በመሀላችን አልፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቤቱ ውስጥ ገቡ።

«እትዬ፣ ይውጡ! ምሰሶው አልረገጠም!» ብዬ ጮህኩ። መደባቸው ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ዋና አናጢው አንተ ነህ? እስቲ ንገረኝ፤ ይኸ ቤት ሰው ይኖርበታል ወይስ አይኖርበትም?»

ይኖርበታል ብዬ ቢወድቅ እትዬ ዘርፌን ገደልኳቸው። አይኖርበትም ብል ልጃቸው ሲመጣ የሚያርሰውን መሬት በአፌ ሰጠሁባቸው። ባላዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉንም ሽብልቅ የመታሁት በገዛ እጄ ነው፤ አንዱም አልተነቃነቀም።

«ይኖርበታል» አልኩ። «ካላመንክ ግባና እይ።» ብዬም ቀድሜ ገብቼ ከምሰሶው ሥር ቆምኩ። ይርጋም፣ እግዜር ይባርከው፣ ያለ ቀልድ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ሊቀመንበሩ ሰው ሁሉ እያየው ፈራ እንዳይባል ጎንበስ ብሎ ገባ። ራሱ ከበሩ ብቅ ሲል እትዬ ዘርፌ ከመደባቸው ብድግ አሉ።

«ኖር!» አሉት፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ።

«በእግዜር! በእግዜር፣ ኧረ አይነሡ!» አለ ሊቀመንበሩ። ወዲያው ምን እንዳለ ገባውና አፉን ያዘ።

ሽማግሌው ከደጅ ሆነው በሣቅ ፈረሱ። «ወይ ጉድ! አለቀ እኮ ጓድ ሊቀመንበር! ባለቤቷ ተነሥታ ኖር ብላህ፣ አንተ በእግዜር ብለህ ገብተህ፣ ከእንግዲህ ቤት የላትም ልትል ነው? ነውር አይደለም እንዴ? ከአፍ የወጣ አፋፍ!»

ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር። ኋላ እሱንም ሣቁ አሸነፈው። «በእግዜር ማለቴን ወረዳ እንዳትነግሩብኝ» አለና መደቡ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ዘርፌ ከጥግ ከጋናቸው ጠላ ቀድተው፣ በመዳፋቸው ቀምሰው ሰጡት። ዓይኑን ከባላዎቹ ሳያነሣ ጠጣ። ሲጨርስ «እሷ ራሷን የቻለች ናት፤ ለብቻዋ ትቆጠር» አለ ለሽማግሌው። ለመውጣት ግን ፈጠን ብሏል።

ከሄዱ በኋላ አያ አዳነ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጋቢውን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለ፣ ገባም። «የቱ ጋ ልያዝ?» አለ።

እኔ ልመልስለት አልፈለግሁም። እትዬ ዘርፌ ናቸው የመለሱ፦ «ከታች ያዝ አያ አዳነ፤ ጉልበት የሚፈልገው እዚያ ነው።»

እሱና ቢራራ ከታች ያዙ፤ እኔና ይርጋ ሽብልቁን ዙሪያውን በተራ በተራ አላላን። ጣሪያው ሲጢጥ አለ፣ ምሰሶውም ወርዶ ድንጋዩ ላይ ዱብ ብሎ ተቀመጠ። ቱምቢ ጣልኩበት፤ ቀጥ ብሏል። እትዬ ዘርፌ እልልታቸውን ሲያቀልጡት እንባዬ መጣ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የአያ አዳነ ሚስት እልልታውን ሰምታ ፍሙንም ድስቱንም ይዛ መጣች፤ ሁላችንም እዚያው በላን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ሠርቻለሁ፣ ብዙም ጠግኛለሁ። ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው አንድ ነገር ነው። ሜትራችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ባለቤቱ ምን እንደሚፈራ ጠይቁ። ሥራው በየት እንደሚጀመር የሚነግራችሁ እሱ ነው።