መሪጌታ ያዩት ስህተት

ፍኖተ ሰላም ሳስተምር፣ የየደብሩን የብራና መጻሕፍት ፎቶ የምለጥፍበት፣ ራሴ የማስተዳድረው ድረ ገጽ ነበረኝ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት መሪጌታ፣ የብራና ቁም ጸሐፊ፣ ከማንኩሳ በእግራቸው መጡ። በወጣትነታቸው የጻፉት ድጓ በእሳት ስለጠፋ እኔ ከለጠፍኩት ፎቶ ሊገለብጡት ነው። ድረ ገጹን ብከፍተው «የሰርቨር ስህተት» ብቻ ይላል። ትናንት የነካካሁትን የኮድ ፋይል ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ባነበው ጥፋቱን አጣሁት። ከጀርባዬ ሆነው ሲያዩ የቆዩት መሪጌታ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ።

«ልጄ፣ ይቺ ቆልማማ ምልክት ተከፍታ ቀርታለች። ሌሎቹ ሁሉ መዝጊያ አላቸው።»

ቅንፏን ዘጋኋት። ድረ ገጹ ተከፈተ፤ ድጓው ከነሐረግ ጌጡ ፊታችን ድቅን አለ።

«መሪጌታ፣ እንግሊዝኛ ያውቃሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«አንዲት ፊደል አላውቅም» አሉና ብዕራቸውን አወጡ።