እያሳለ የሚበይድ ማሽን

ታላቅ እህቴ ራቁቱን የቆመ ዕቃ ማየት አትወድም። ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር በተከራየናት ቤት ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፣ ቴርሞሱ ዳንቴል ለብሷል፤ እኔም ካልተንቀሳቀስኩ የሚቀርልኝ አይመስለኝም ነበር። ከደርግ ሸሽተን ናይሮቢ ስንገባ ሻንጣዋን የሞላው የክር ልቃቂትና ኪሮሽ ነው። "ለስደት ይሄ ምን ያደርጋል?" ብላት፣ "እጄ ሥራ ፈቶ ይቀመጥ?" አለችኝ።

በዝናቡ ወራት ከምንኖርበት ፎቅ የውጭ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። የተጎዳው ዳሌዋ ዳነ፤ ደረጃው ግን መደገፊያ የለውምና ከዚያ ወዲያ ወርዳ አታውቅም። ከጸሎት ቤት ቀረች፣ ከገበያም ቀረች። "እዚሁ ይሻለኛል" ትላለች፤ ቀኑን ሙሉ ግን ከመስኮቱ አትነሳም። አንጀቴን በላችው። አከራዩ "ነገ፣ ነገ" ሲለኝ ጊዜ፣ መደገፊያውን ራሴ እሠራዋለሁ ብዬ ፎከርኩ።

ጊጊሪ የሚባል ሰፈር ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ፣ አገሩ ሊገባ ሲል፣ ሽቦው በራሱ እየተገፋ የሚወጣ ትንሽ የብየዳ ማሽን ገዛሁ። የጎኑ መክደኛ ስለጠፋ የሽቦው ጥቅልል ገመናው ወጥቶ ይታያል። መጀመሪያ እሰየው የሚያሰኝ ነበር። ሲሰነብት ግን ሽቦው ይመጣል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ድንገት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ብየዳዬ አንዱ ጋ ጉብታ፣ አንዱ ጋ ባዶ ሆነ። እንዲህ ያለ ብረት ላይ እህቴን ላስደግፍ? አላደርገውም!

"ያስለዋል" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። "ብርድ መትቶት ይሆን?"

"እትዬ፣ በናትሽ ተይኝ!"

ሽቦውን የሚገፉትን ጎማዎች አጠበቅኩ፤ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተጠማዘዘ። አላላኋቸው፤ ጭራሽ ቆመ። ሽቦው የሚወጣባትን የጫፍ መዳብ ቀየርኩ። ጥቅልሉ እንደልቡ እንዲዞር ብሎኑን አላላሁ። ሽቦው የሚመጣበትን ወፍራም ገመድም አቃንቼ ዘረጋሁ። ስንዝር ያህል ሄዶ መልሶ ያስላል። ታች ያለው ኬንያዊ ጎረቤታችን ባለፈ ባገደመ ቁጥር "ፉንዲ፣ ፖሌ ፖሌ!" ይለኛል፤ ባለሙያው፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። እየሳቀብኝ መሆኑን ለማወቅ ስዋሂሊ አያስፈልግም።

ሲመረኝ ሽቦውን ጎትቼ አወጣሁና በገመዱ ውስጥ የሚያልፍበትን ቱቦ በብስክሌት መንፊያ ነፋሁት። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የክር ብናኝ፣ እፍኝ ሙሉ! ለካ እህቴ ሥራ ባቆምኩ ቁጥር ያንን ጥቅልል አቧራ እንዳይነካው ብላ ዳንቴል ታለብሰዋለች፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ገፍፌ ወንበር ላይ እጥለዋለሁ። ሽቦው ላይ የቀረው ብናኝ እየተጎተተ ገብቶ ቱቦውን ጠቅጥቆታል።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። "የኔ ክር ነዋ" አለች ያለ አንዳች ሐፍረት። "ክር የሚበላ ማሽን ግዛ ብሎ ማን መከረህ?"

ጉድ እኮ ነው! ጥፋተኛው እኔ ሆኜ አረፍኩት።

ጥቅልሉን በፕላስቲክ ሸፈንኩና፣ ቀድሞ የበየድኩትን ሁሉ ቆርጬ እንደ አዲስ በየድኩ። ሽቦው አንዴም ሳይደናቀፍ ወጣልኝ። መደገፊያው ደረጃው ዳር ቆሞ ብረቱ ሲበርድ እህቴ መጥታ በሁለት እጇ ነቀነቀችው።

"አይነቃነቅም" አልኳት።

"አንተን ማን ጠየቀህ?" ብላ ደግማ ነቀነቀችው።

ከዚያ አንድ እግሯን አወረደች። ክንዷን ልይዝ ብል በክርኗ ገፋችኝ። ብረቱን ሳትለቅ ታች ደረሰች። አሁን ትመለሳለች ብዬ ስጠብቅ ግቢውን አቋርጣ የውጭውን በር ከፈተች።

"እትዬ፣ ወዴት ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ እንጃ!" አለች ዞር ሳትል። "ብቻ አትጥራኝ!"

አልጠራኋትም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።