ልጄ ቻይናውንና ፈረንጇን ሊያገናኝ የተነሣ ሰሞን

የሴት ልጄ ልጆች ትናንት ከበው ያዙኝ። «እማማ፣ እናታችን ተመልሳ አረብ አገር ለምን ሄደች? ይንገሩን እንጂ» አሉኝ። እግሬ አንድ ቦታ የማይረጋ ሴት ነኝ፤ ዛሬ ጋፋት፣ ነገ ጸበል እያልሁ ስዞር ከዚህ ጥያቄ ያመለጥሁ መስሎኝ ነበር።

እናታችሁ መጀመሪያ ከአረብ አገር የመጣች ጊዜ ጀርባዋ ጎብጦ፣ እንቅልፏ ጠፍቶ ነበር። ደብረ ታቦር ዳር ሴቶች የበግ ጠጉር እየፈተሉ ባና፣ ያን ወፍራም የብርድ ልብስ፣ የሚያሠሩበት ማኅበር ነበረ፤ እዚያ ገባች። እንዝርቷን ስታሾር ፊቷ ፈታ ይል ጀመር። ግን የሚፈተለው ብዙ፣ የሚገዛው ጥቂት ሆነ። ባናው ተቆልሎ ብል ይበላው ነበር። «ይኼ ካልሆነልኝ እመለሳለሁ እማ» አለችኝ። ዳግመኛ ከሄደች በሕይወት የማያት አልመሰለኝም።

አጎታችሁ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ትምህርቱ የንግድ አመራር ነው፤ መጀመሪያ ፈረንጅ አገር፣ ኋላ ደግሞ ቻይና ተምሯል። እሱ እንዳስረዳኝ ፈረንጅ መንገዱን ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ነድፎ፣ ተፈራርሞ ነው የሚነሣ። ቻይና ግን መጀመሪያ ሰውየውን ያያል፣ አብሮት ይበላል፣ ጊዜው ሲመቸው ይገባል። «የእኔ ሥራ ሁለቱን ማጋባት ነው» ይለኝ ነበር። ለእህቱ ሲል አንድ ቻይናዊ ነጋዴና አንዲት ፈረንጅ ይዞ መጣ። ቻይናው የመፍተያ መኪና ያስገባል፤ ፈረንጇ ባናውን ትገዛለች። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

ማኅበሩ ግቢ ተቀመጥን። ልጄ የአንዱን ሐሳብ ለሌላው ሲያስረዳ ላቡ ጠብ ይል ነበር። ሲጨርስ የማኅበሩ ሰብሳቢ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ዘመድ ሳንጠይቅ አንመልስም። ሌላ ቀን ተመለሱ» አለች። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቅ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚባል። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ቤተሰብ ልጁን ያቀለለ ይመስላል። ሴቶቹ ይህንንም እንደዚያው አዩት።

ፈረንጇ የመሄጃዋ ቀን ደርሶ ነበርና ከዓርብ ወዲያ አልቆይም አለች። ቻይናው ግን የቀረበለትን ጠላ ቀስ ብሎ ጨረሰ። ኋላ ልጄ እንደነገረኝ፣ ይኼ እሺታ ነው፣ እንጠብቃቸው ብሎት ኖሯል።

ልጄ መጠበቅ አልቻለም። በማግሥቱ ያለ ሽማግሌ፣ ወረቀት ይዞ ሄደ። እኔም ከኋላው ተከተልሁ።

«ፈርሙልኝ እናቶቼ፣ ቀን የለንም» አላቸው።

ሰብሳቢዋ ትክ ብላ አየችው። «ማን እያባረረህ ነው ልጄ?»

«ሴትዮዋ ልትሄድ ነው።»

«ምነው፣ ምድጃ ላይ ወጥ ጥዳ ነው የመጣች?» አለች አንዷ፤ ሳቁ። ልጄ አልሳቀም። ወረቀቱን እየገፋ ደግሞ ሲለምናቸው የእነሱም ሳቅ ጠፋ። እንዲህ የሚያጣድፍ ነገር ቢኖርበት ነው፣ ቦታችንን ሊወስዱብን ነው ተባባሉ። ተነሥተውም አንፈልግም አሉት። ይኼኛው እምቢታ የወግ አልነበረም።

ፈረንጇ ሄደች። ገዢ ከሌለ መኪናው ለማን ይፈትላል ብሎ ቻይናውም ማስገባቱን ተወ። እኔ ሰብሳቢዋን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠብቄ፣ እሺ ካላችሁ ልጄ እንግዶቹን ይመልሳቸዋል ብዬ ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። «ለአንቺ ልጅ ብዬ ይኼን ሁሉ ሴት ገደል ልክተት?» ብላ አነሣችኝ።

እናታችሁ ፓስፖርቷን ከሣጥኔ እንዳወጣላት ጠየቀችኝ። ቁልፉ ጠፋኝ አልኋት። ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ብወጣም፣ ብገባም ከዚያ አልተነሣችም። ሰጠኋት።

አጎታችሁ እሷን ሸኝቶ ከተመለሰ ወዲህ ምግብ አልቀምስ አለ። ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ቃል እንደሚጠፋው ሰማሁ። «ሁለት አገር ላገናኝ ብዬ እህቴን ሰደድኋት እማ» አለኝ። ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። ስልኳ ኋላ እንዴት እንደተዘጋ፣ ድምፅዋም እንደጠፋብን እናንተም ታውቃላችሁ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ሐሙሲት ገበያ ላይ ሰብሳቢዋን አገኘኋት፤ አርጅታለች። ዛፍ ሥር አረፍ ብለን ስናወጋ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ቀን፣ የእንግዶቹ መኪና ገና ዳገቱን ሳይጨርስ፣ ሴቶቹ ሁሉ እሺ ብለው ነበር። ለምርቃቱ የሚታረደውን በግ እንኳ መርጠው፣ ልጄ በወጉ እስኪመለስ ብቻ ይጠብቁት ነበር።