መብራት ሲጠፋ የሚወድቀው ማሽን

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ በሠራተኝነት የምውልበት ቤት፣ የባልየውን ጀለቢያ እየተኮስኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ካውያው ሳይቀዘቅዝ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ነበረች።

«እማዬ፣ አሁንም ወደቀ።»

«ምኑ?»

«ማሽኑ። ሙዲሩ በእጅሽ ነው የምትጥይው አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማሽኑ መውደቅ የቢሮ ጣጣ ነበር የሚመስለኝ። ያን ጊዜ ግን ካውያውን አስቀመጥኩ። የልጄ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለቴ ነው፣ የወጣው በዚያ ድርጅት ስም ነው። ሙዲሩ፣ አለቃዋ፣ አባረርኳት ካለ ወረቀቷ ያበቃል። ወረቀት የሌላት ሐበሻ ደግሞ ፖሊስ ለኬሻ፣ ለአፈሳ፣ በወጣ ቀን ከመንገድ ታፍሳ፣ መኪና ላይ ተጭና ትሄዳለች። ንብረት አበላሸች የሚል ከተጨመረበትማ ወዴት እንደሚወስዷት ማሰቡንም ፈራሁ።

እኔ ፊደል ከመለየት ብዙም አላለፍኩም። ልጄ ግን እዚሁ ካርቱም አድጋ፣ ኮምፒውተር ተምራ፣ መድኃኒት የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ትልቁን ማሽን ትጠብቅ ነበር። ማሽኑ ከወደቀ፣ ድንገት ሥራ ካቆመ ማለት ነው፣ መጋዘኑ ሁሉ ይቆማል። ተራዋ ቀን ነው፤ በሙቀቱ ወራት መብራት የሚሄደውም ቀን ነው። ስለዚህ በወደቀ ቁጥር አጠገቡ የምትገኘው እሷ ናት።

ከሥራ ስንመለስ ዴም ሰፈር የተከራየናት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ጠየቅኋት።

«ማሽኑ ውስጥ ፕሮሰሰር የሚባሉ አሉ፤ ሠራተኞች በያቸው» አለች። «መብራት ሲጠፋ ማሽኑ በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ ከርነሉ ጥቂቶቹን ያሰናብታል።»

«ከርነሉ ደግሞ ማነው?»

«ከሁሉም ሥር ሆኖ የሚያዝዘው ፕሮግራም ነው። አለቃቸው።»

«እንደ ሙዲርሽ?»

«ከእሱስ ይሻላል።» ፈገግ ስትል ትንሽ ቀለለኝ። «የሚሰናበተው ሠራተኛ ሜሞሪ ውስጥ የራሱ ቦታ ነበረው። ሲሄድ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሌሎቹ ግን የድሮውን አድራሻ እንደያዙ ቀርተዋል። ጎረቤታችን ክፍል የሆነውን ታስታውሺ የለ?»

እንዴት እረሳለሁ። ጎናችን የነበረችው ሴትዮ ለቅቃ ስትሄድ አከራያችን ሐጃ ክፍሉን ወዲያው ለሙሽሮች ሰጠችው። በአህያ ጋሪ ውሃ ለሚያመጣው ሰውዬ ማንም አልነገረውም። እንደ ልማዱ በሩን ገፋ አድርጎ ገባና ጄሪካኑን ጨለማው ጥግ ላይ፣ በርሜሉ በነበረበት ቦታ ዘቅዝቆ ደፋው። በርሜሉ ሄዷል፤ ያለው የሙሽሮቹ አዲስ ፍራሽ ነው። ሙሽራዋ ስትጮህ እሱ ደግሞ «በርሜሌን የት አደረሳችሁት?» ይላል።

«ያው ነው» አለች ልጄ። «አንዱ ፕሮሰሰር ጓደኛው ያለ መስሎት ለሌላ በተሰጠው ቦታ ላይ ይጽፋል። የሌላው ዕቃ ይበላሻል፤ ማሽኑ ይወድቃል። ሁልጊዜም አይደለም፤ ውሃ ሰውዬው ልክ በዚያች ሰዓት ከደረሰ ብቻ። እኔም ሳልይዘው የቆየሁት ለዚህ ነው። ይቺን የማሰናበቻ ፕሮግራም የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው፤ አሁን ገልፍ ሄዷል።»

«ታዲያ ታስተካክይዋለሽ?»

«ኢንሻላህ። ሙዲሩ እስከ ሐሙስ ብሎኛል።»

ከዚያ በኋላ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር እጸልይ ጀመር። የማራገቢያው ድምፅ ቀዝቀዝ ሲል ስልኬን እጨብጣለሁ። ሐጃ ታዝባኝ «ሰው ከህረባ ሲሄድ ይሳደባል፤ አንቺ ትጸልያለሽ» አለችኝ። ከህረባ የሚሉት መብራቱን ነው።

የመጀመሪያው ጥገናዋ አልሆነም። ሌሎቹ ሳይጨርሱ ተሰናባቹ ሠራተኛ ንቅንቅ እንዳይል አደረገችው። ለካ ሌሎቹም የሚጠብቁት እሱን ኖሯል። ማሽኑ አልወደቀም፤ ግን እንደ በድን ደርቆ ቀረ። ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። እኔ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ማሰባሰብ ጀመርኩ። አየችኝ።

«እማዬ፣ ሻንጣውን ተይው።»

«ለምናልባት ነው።»

«ተይው አልኩሽ እኮ። ገብቶኛል አሁን። መጀመሪያ የተሰናባቹ ስም ከሁሉም ዘንድ ይፋቅ፤ አዲስ ሰው ወደሱ እንዳይመጣ። ቀድሞ የገባው ጉዳዩን ጨርሶ ይውጣ። ክፍሉ ለሌላ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።»

ሐሙስ ዕለት አስፈቅጄ ምሳ ይዤላት ሄድኩ። ምሳው ሰበብ ነው፤ ከወሰዷት አብሬ ልሂድ ብዬ ነው። ዘበኛው ደግ የሱዳን ሽማግሌ ነው፤ ወንበር ሰጠኝና፣ አክስቴ እንደማለት፣ «ኻልቲ፣ ጀነሬተሩ እንኳ እንዳንቺ አይንቀጠቀጥም» አለኝ።

ልጄ ሙዲሩን የመብራቱ ዋና ማጥፊያ ዘንድ ወሰደችው። «ማሽኑ ላይ ያለው የድሮው ፕሮግራም ነው፤ አልነካሁትም። አንተ ራስህ አጥፋ፣ አብራ። እኔ እናቴ ጋ እቆማለሁ» አለችው። መጥታ አጠገቤ ቆመች።

አጠፋ፣ አበራ። ምንም። ደግሞ አጠፋ። ምንም። ዞር ብሎ አያት፤ ዛሬ ሳይወድቅ ቢውል ውሸታም ሊላት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ነገር እንዲበላሽ ለምኜ አላውቅም። ደጋግሞ አጠፋ፣ አበራ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ማሽኑ ወደቀ።

ዘበኛው «ዎላሂ ሙዲር፣ አንተም ጣልከው» አለ።

ልጄ ሄዳ የጠገነችውን ጫነችበት። ሙዲሩ አሁን እልህ ይዞታል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ማጥፊያውን ያወርዳል፣ ይሰቅላል። ማራገቢያው በቆመ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስገልጠው ስክሪኑ በርቷል። እንደገና። በርቷል። አንድ ጊዜ ቢደርቅስ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቁጥሮቹ ሥራቸውን ይሠራሉ።

«ኻላስ፣ በቃ» አለ በመጨረሻ፣ ላቡን እየጠረገ። ይቅርታ አላላትም። «ፓስፖርትሽን እሑድ አምጪ፤ ኢቃማሽ ይታደስ» አላት፤ ያንንም ሁሉም እየሰማ።

በረክሻ ተመለስን። ዴም ስንደርስ መብራት የለም። ፍራሹ ላይ ጋደም ብላ ምሳዋን ያኔ በላች። እኔ ሞልቼ የደበቅኩትን ሻንጣ ከአልጋው ሥር አውጥቼ ልብሷን አንድ በአንድ ሚስማሩ ላይ መለስኩት። በእሑዱ ኢቃማዋም ታደሰ። ልጄን አልወሰዱብኝም። ተርፈናል።