በካብ ላይ ያለፈ ጽዋ

ይመኙሽ ስትጸልይ ሰፈሩ ሰዓት ያውቅ ነበር። ጣልያን ወጥቶ አገሩ ረገብ ባለበት በዚያ ዘመን፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግርጌ እጁ ላይ ሰዓት ያሰረ ሰው ብርቅ ነው። ታዲያ የእሷ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ከጓሮዋ ሲሰማ ሰው ተነሥቶ ከብቱን ይፈታል። ድምጿ ወፍራም ነው፣ ጸሎቷም ችኮላ አያውቅም። ችኮላ የሚይዛት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር። «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ስትደርስ ሳል ይነሣባታል። ስላ ስትጨርስ «ወደ ፈተና አታግባን» ላይ ትገኛለች። ሰፈሩ ያችን ሳል ከነምክንያቷ ያውቃታል፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራት!

ነገሩ ከእናቷ ሞት ይጀምራል። እናቷ እማማ ወለተ ሚካኤል ይመኙሽንና ታላቅ ወንድሟን ክንዱን ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ምሥጢረ ሥላሴን በፀሐይ ያስተምሯቸው ነበር። «ክበቧ፣ ብርሃኗ፣ ሙቀቷ ሦስት ነው፤ ፀሐይ ግን አንዲት ናት። ቤት ስትገባም ብርሃኗ ገብቶ ሙቀቷ ከደጅ አይቀርም» ይሏቸዋል። ልጆቹ ምሥጢሩ ገባቸውም አልገባቸው፣ ፀሐዩ ይሞቃቸው ነበርና ደስ ብሏቸው ይሰማሉ።

ኋላ ይመኙሽ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ተዳረች። እናቷ ጎንደር ክንዱ ቤት ሲሞቱ መርዶው የደረሳት በክረምት ነው። ለተዝካሩ እደርሳለሁ ብላ ወጣች፤ ወንዙ ሞልቶ ከማዶ ሲያቆማት ሰነበተ። ጎንደር ስትገባ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ተበትኗል። ዳሱ ፈርሶ የቀረው የተጎዘጎዘው ሣር ብቻ ነበር።

«ምነው አያ ክንዱ፣ ምነው ብትጠብቀኝ?» አለች።

«አርባው ይጠበቃል እንዴ? ቀኑ የእኔ አይዶለም።»

እውነቱን ነበር። ግን እውነት እንዲህ ደረቁን ሲቀርብ ማን ይውጠዋል? ያንን ከሚላት አቅፏት ቢያለቅስ ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ። ይመኙሽ እጇን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግታ «ሥላሴን! ከእንግዲህ የዚህን ቤት ደጅ አልረግጥም!» ብላ ማለች። በንጉሥ የማለ ለዳኛ መልስ ይሰጣል፤ በሥላሴ የማለ ግን ማን ዘንድ ይግባኝ ይላል?

ከዓመታት በኋላ ባሏ ሲሞት ጎንደር ተመለሰች፤ ጎጆዋንም ከክንዱ ቤት ብዙ ሳትርቅ ቀለሰች። በሥላሴ ማኅበር የእናቷ ቦታ ለእሷ ተሰጣት። ክንዱም ማኅበርተኛ ነበር። በየወሩ በሰባት አንዱ ተረኛ ቤት ተሰብስበው፣ ቄስ ጸልየው ዳቦውን ባርከው፣ የሥላሴን ጽዋ ይጠጣሉ። ተራው ክንዱ ቤት ሲደርስ ይመኙሽ ጉድ ፈላባት። እንዳትገባ መሐላው አለ። እንዳትቀር ደግሞ የሥላሴን ጽዋ የሚገፋ ማን ነው?

የሴት መላ አያልቅም። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መጣችና ከግቢው ውጭ፣ ከድንጋዩ ካብ ጥግ ቆመች። ቄሱ ሲባርኩ አንገቷን ደፋች፣ «አሜን» አለች። ከዚያ አንድ እጅ ጽዋውን በካቡ ላይ አሻገረላት። ትንሿ ጣቱ ጎባጣ ነበረች። ያችን ጣት በልጅነታቸው፣ ሣር ሲያጭዱ ማጭድ ሲቆርጣት፣ በመቀነቷ ያሰረችለት ይመኙሽ ራሷ ነበረች። ጠጣች፤ ጽዋውን መለሰች።

ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ለመደው። ኋላ ኋላማ የክንዱ ተራ ሲሆን ሚስቱ ወለላ ካቡ ጥግ ጠርጋ፣ ሣር ጎዝጉዛ ትጠብቃት ጀመር። ይመኙሽ የምትደገፍበት ድንጋይም ከክርኗ ብዛት ለሰለሰ። የእሷ ተራ ሲደርስ ግን ክንዱ ወይ ጤፍ ያጭዳል፣ ወይ የጠፋ በሬ ይፈልጋል። እሱም ምሏል ብሎ ሰው ሁሉ ተወው።

የነፍስ አባቷ መምሬ ሐብተ ማርያም ብዙ መከሯት። «ልጄ፣ ሦስቱ አካላት ፈቃዳቸው አንድ ነው። አንድ የሆኑትን እንዴት ለመለያያ ትጠሪያቸዋለሽ? ቀኖናሽን ተቀበዪና ግቢ።»

«አባቴ፣ ስማቸውን ጠርቼ ላፍርስ? ነገ ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?»

ፍርሃቷ የእውነት ነበር። ኩራቷም የእውነት ነበር። የትኛው የትኛውን ደግፎ እንዳቆመው እሷም አትለየውም።

ከዚያ ክንዱ ታመመ። ከመኝታ አይነሣም ተባለ። ይመኙሽ እስከ ካቡ ትሄዳለች፣ ድንጋዩን ትደገፋለች፣ ትመለሳለች። ነገ እገባለሁ ትላለች። በዚህ መካከል የማኅበሩ ተራ እሷ ቤት ሆነ። ጠላው ቀርቦ፣ ቄሱ ሊጸልዩ ሲነሡ በሩ ጨለመ። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ገቡ፤ ከኋላቸው ወለላ። ቃሬዛው ላይ ክንዱ ነው።

«አያ ክንዱ! ምለህ አልነበር?»

«እኔ? የማልሽስ አንቺ። እኔ እንኳ አልማልሁም።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ?»

«ትጠሪኝ እንደሁ ብዬ» አለ።

ይመኙሽ ጽዋውን በራሷ እጅ አጠጣችው፤ ቤቱ ሙሉ ሰው አለቀሰ። ዳግም በቃሬዛ የሚሄድበት አቅም ስላልነበረው እሷው ዘንድ ቀረ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እንደ ልማዷ ቆመች። ከዚያችው ቦታ ስትደርስ ሳሉ መጣ፤ ክንዱ ከመደቡ ላይ በደከመ ድምፁ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ብሎ ጨረሰላት። በዚያ ሰሞን ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ የእናታቸውን ነገር እያነሡ ይሥቁ ነበር። ይመኙሽ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላየሁም ትል ነበር። ግን አጭር ነበር። ክንዱ እዚያው እጇ ላይ ዐረፈ፤ አስከሬኑም ከእሷ ደጅ ወጣ።

ተዝካሩ በክንዱ ግቢ ሆነ። ይመኙሽ ቀኖናዋን ተቀብላ፣ ስግደቷን ፈጽማ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ከበሩ ስትደርስ እንደ ልማዷ ካቡን ተደገፈች። ዳሱ ገና ባዶ ነው፤ ካህናቱ አልመጡም፤ ወለላ እንኳ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብላ ደጁን ረገጠች። ብርሃኑ በሩን አልፎ ክንዱ ይተኛበት ከነበረው መደብ ደርሷል። ሄዳ በእጇ ዳሰሰችው፤ ሞቅ ብሏል።

«አያ ክንዱ» አለች፣ «ዛሬስ ቀድሜ ደረስሁ።»

ከዚያ ነጠላዋን አደግድጋ ሣሩን መጎዝጎዝ ጀመረች።