ጓዳው የተቆለፈበት ሁዳዴ

አዳምን የኔን ያህል የሰደበ ሰው በወሎ ምድር ያለ አይመስለኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰድቤዋለሁ፤ ያውም መድረክ ላይ ቆሜ፣ ያውም እልል እየተባለልኝ። ደሴ ባደግኩበት ሰንበት ትምህርት ቤት የአዳም ውድቀትና መዘዙ የሚባለው ትምህርት የኔ ርስት ነበር። ኮምቦልቻ ወርጄ የፋብሪካ መካኒክ ከሆንኩ፣ አግብቼ ጎጆ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ሁዳዴ ሲገባ «ና አስተምርልን» ብለው ይጠሩኛል። እኔም ለወጉ «ኧረ ሌላ ሰው ፈልጉ» እላለሁ፣ ነጠላዬን ከሳምንት በፊት አሳጥቤ።

ትምህርቱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። «መጀመሪያ የተሰጠው ሕግ ጾም ነው፤ ይህቺን አንዲት ዛፍ አትብላ ነው የተባለው። በላ! ይሁን፣ ሆዱ አታለለው እንበል። ሲጠየቅ ግን ምን አለ? በሚስቱ አሳበበ! ወይ ወንድ! ይሄ አሁን አባት ነው?» ጉባኤው ይስቃል፣ ሴቶቹ ደግሞ ይብሳሉ። ከዚያ መዘዙን እዘረዝራለሁ። ፈራ፣ ተደበቀ፣ በሰው አሳበበ፣ ከገነት ተባረረ፣ ሞትን ለልጅ ልጅ አወረሰ። ሞት ላይ ስደርስ አንዳንድ እናቶች እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ እኔም በልቤ «ጎበዝ!» እለዋለሁ ራሴን።

እንግዲህ ይህን የሚያህል መምህር ነው በአንድ ሁዳዴ፣ ደብረ ዘይት ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ እንቁላል የበላው።

ምክንያቴ ጨጓራ ነበር። ጨጓራዬን ሐኪም አይቶት አያውቅም፤ እኔ ነኝ ያወቅኩለት። የጠዋት ፈረቃ ጨርሼ ስመጣ ሚስቴ ቅዳሴ ናት፤ በሁዳዴ ቅዳሴው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ግቢው ጭር ብሏል። ሚስቴ ለፋሲካ ብላ ጓዳ ውስጥ በስንዴ ቅርጫት የምታጠራቅመው እንቁላል አለ። ድስት ያሳጣኛል ብዬ ሁለቱን በሻይ ማንቆርቆሪያ ቀቀልኩ። እንቁላሉን ከመላጤ በፊት ሄጄ የእመቤታችንን ሥዕል መጋረጃ ጋረድኩ። ይህን ያደረግኩት በሙሉ ጤንነቴ ነው! እመቤታችን በመጋረጃ ስትታለል ታየኝ። እንቁላሉን የጣለችው ዶሮ በር ላይ ቆማ አንገቷን ሰበር አድርጋ ስታየኝ እሷንም «እሽ!» ብዬ አባረርኳት። ቅርፊቱን በፌስታል ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና በማግስቱ ፋብሪካ ወስጄ ጣልኩት። በሦስተኛው ቀን ደገምኩ። ሰይጣን ባንድ አይረካም ይላሉ፤ እሱን ምን አመጣው፣ ያልረካሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ረመዳን ገባ። ከግቢያችን ሰርቪስ ቤት አንዲት ልጅ ተከራይታ ትኖር ነበር፤ ከገጠር መጥታ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ሙስሊም ልጅ። እኔና ሚስቴ ልጅ የለንም። ያቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ቤታችን ሳቅ ገብቶበት ነበር። ማድ ቤቱ የጋራ ነው፤ ሽንኩርት ስትፈልግ ጓዳ ገብታ ታነሳለች፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ረመዳን ሲገባ ሚስቴ ከኛው የጾም ምስር ወጥ ማፍጠሪያ ታቀርብላታለች፤ ልጅቷ ደግሞ ተምር ትሰጣታለች፣ የጾም ነዋ፣ ይበላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱ አንድ ደፍ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሚስቴ ቅርጫቱን ይዛ ወጣች። «እንቁላሌ ጎደለ» አለች። «ድመት የለን፣ ሸለምጥማጥም ቢሆን ቅርፊት ይተዋል።»

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ይሄ ነው፦ «እንግዲህ በዚህ ግቢ በዚህ ሰሞን እንቁላል የሚፈቀድለት ማን ነው?»

ሚስቴ ቅርጫቱን አስቀመጠች። «ልጅቷን ነው? ኧረ በስመ አብ በል፣ እሷማ አታደርገውም።»

«እኔ ምን ወጣኝ? የሰው ስም ጠራሁ?» አልኩ፣ የተቆጣ መስዬ። እውነትም ስም አልጠራሁም። ነገሩ ግን ገባ። በዚያ ግቢ ውስጥ ጾሟን ሳትገድፍ እንቁላል መብላት የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ ማታ ማታ ታፈጥራለቻ! ጾመኛ ነኝ ባዩን እኔን ማን ይጠረጥራል?

በማግስቱ ሚስቴ «ቁልፍ ግዛ» አለችኝ። የገዛሁትም እኔ ነኝ። ሱቅ ሄጄ፣ ይሄ ይሰበራል፣ ያኛው ይዝጋል እያልኩ ጠንካራውን መርጬ ገዛሁ። ሌባ ለሌባ መከላከያ ሲመርጥ እንዲህ ጥንቁቅ ነው። አንዱን መክፈቻ ሚስቴ ያዘች፣ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ። አሁን መክፈቻ አለኝ፣ መብላት ግን አልችልም፤ ቁልፉ ከገባ በኋላ እንቁላል ከጎደለ ልጅቷ ነፃ ልትወጣ ነው። ስለዚህ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጾምኩ። እንደዚያ አጥብቄ ጾሜ አላውቅም፤ ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለውሸቴ ስል። እንቁላሉም አልጎደለም። «አየህ?» አለች ሚስቴ፣ ልቧ እየተሰበረ። ምስር ወጡ ቀረ፣ ደፍ ላይ መቀመጡም ቀረ። ልጅቷ ጨው ፈልጋ መጥታ ቁልፉን አይታ እጇን ስትሰበስብ በመስኮት አየኋት። ገብቼ ተኛሁ።

ልክ በገብር ኄር ሰንበት፣ በታማኙ አገልጋይ ቀን፣ ላስተምር ደሴ ወጣሁ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ብርዱ ሲቀበለኝ እንኳ ልቤ አልቀዘቀዘም፣ ተዘጋጅቻለሁ። አዳምን እንደ ልማዴ ሰደብኩ፤ እንዲያውም ጨመርኩበት። ስጨርስ አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። «መምህር፣ አዳም በሰው ሳያሳብብ ‹አዎ፣ በላሁ› ቢል ኖሮስ?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩ፤ «በሚቀጥለው ጉባኤ እናየዋለን።» መልሱ የጠፋው መምህር ሁሉ የሚላት ናት።

ከጉባኤው በኋላ የንስሐ አባቴ እጄን ያዙኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ የሚመጡት ለንስሐ ልጆቻቸው ብለው ነው። «ልጄ፣ ዘንድሮ ዓይንህ ይሸሻል» አሉኝ።

«አባቴ፣ በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን ይፍቱኝ።»

«ሳታውቅ የሠራኸውን እሱ ያውቅልሃል። አውቀህ የሠራኸውን ንገረኝ።»

«ሚኒባስ ያመልጠኛል አባቴ!» መስቀላቸውን ተሳልሜ እስከ ፒያሳ በሩጫ ወረድኩ። ሰንበት ከሰዓት በኋላ በደሴ ቁልቁለት ነጠላ ለብሶ የሚሮጥ ጎልማሳ ካያችሁ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሆሳዕና አለፈ፣ ሕማማት ገባ። በሕማማት ካህን አይፈታም። ተመስገን፣ አሁን ብፈልግም አልችልም አልኩ።

ረቡዕ ከሰዓት ሚስቴ ከስግደት ተመልሳ በረንዳው ላይ ጉልበቷን ታሻለች። ልጅቷ መጣች። ከበር ውጪ ባጃጅ ቆሟል፤ ፍራሿና ጄሪካኗ ተጭኗል። በእጇ ፌስታል ይዛለች፤ ውስጡ እንቁላል ነው።

«እትዬ፣ ልሄድ ነው» አለች። «ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ቤት ይዣለሁ። ወላሂ እንቁላልዎን አልነካሁም። ግን ልብዎ ሻክሮብኛል። በዚህ በተከበረ ወር ቂም ትቼ መሄድ አልፈልግም። ይቺን ለፋሲካ ይያዙልኝና አፉ ይበሉኝ።»

ያልበላችው ልትከፍል መጥታለች። ለዚያውም ይቅርታ እየለመነች፣ ለዚያውም በጾም በደረቀ ከንፈር። ሚስቴ አንገቷን ደፍታ እጇን ዘረጋች። ያ እጅ ፌስታሉን ቢቀበል ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ሌባ ሆና ልትቀር ነው። እዚያው ቆሜያለሁ። የምደበቅበት ዛፍ እንኳ የለም፤ ግቢያችን ውስጥ ያለው አንድ ቀጭን ጌሾ ነው።

«እኔ ነኝ የበላሁት» አልኩ። ድምፄ የመድረኩ ድምፅ አልነበረም፤ የጫጩት ነበር። «ጨጓራዬ...» ብዬ ልቀጥል ስል ለራሴም ቀፈፈኝና ተውኩት።

ልጅቷ መጀመሪያ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። «ጋሼ? እርስዎ?» አለች አፏን ይዛ። ከዚያ እንባዋ መጣ። ሚስቴ ዘላ ተነሥታ «ፍራሹን አውርጂው! ልጄ በሞቴ፣ አውርጂው!» እያለች ልብሷን ያዘቻት።

«አይ እትዬ። አፉ ብያለሁ፣ ለጋሼም ብያለሁ፣ አብሽሩ። ግን ያ ቁልፍ ከገባ ወዲህ እዚህ ቤት እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም።» ፌስታሉን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ባጃጁ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

ሚስቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ። «ማሪኝ» አልኳት።

«እንቁላሉንስ በላህ፤ ሆድህ ነው፣ በሱ አልቀየምህም» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እኔን ግን የሰው ሥጋ አበላኸኝ። ለጎረቤት ሁሉ ሌባ ናት ብዬ አውርቻለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ስሰግድ የዋልኩት የልጅቷን ሥጋ በአፌ ይዤ ነው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሔዋን ለባሏ አበላችው እያልኩ ሳስተምር፣ የኔ ቤት ነገር ተገላብጦ ነበር የቆየኝ። ሚስቴ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። «ተነሥ» አለችኝ። «ወዴት?» «በየቤቱ። እኔ በር አንኳኳለሁ፤ የምትናገረው አንተ ነህ።»

የመጀመሪያዋ ጎረቤታችን በሩን ከፍታ «እንዴ፣ መምህር! ምነው በሰላም?» ስትለኝ፣ ሚስቴ ፈቀቅ ብላ ቦታውን ለኔ ለቀቀችልኝ።